ከሰንጠረዥ እስከ ሲቪላይዜሽን፦ አንድ ጌም ብቻ መግዛት ከተቻለ የትኛው?

በዓመት ሁለት ጊዜ የኮምፒውተር ጌም የሚወድ ሰው ሁሉ ስልኩን ደጋግሞ ያያል። አንዴ ክረምት ሲገባ፣ አንዴ ደግሞ ገና ሲቃረብ። ስቲም የተባለው ትልቁ የኮምፒውተር ጌም መሸጫ ያኔ በሺዎች በሚቆጠሩ ጌሞች ላይ ዋጋ ይቀንሳል። 60 ዶላር የነበረው 15 ይሆናል፣ 20 የነበረው 5 ይሆናል። በተለይ ዕድሜ የጠገቡት የስትራቴጂ ጌሞች በጣም ይረክሳሉ።

ልደታ ለሚኖር ወጣት ግን የረከሰው ሁሉ ርካሽ አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ባለ 10 ዶላሩ ጌም ሻጩ አንድ ሳንቲም ሳይጨምርበት ከ570 ብር ተነሥቶ ከ1,000 ብር በላይ ሆነ ማለት ነው። በዚያ ላይ በዶላር የሚከፍል ካርድ ያስፈልጋል። ካርድ የሌለው ውጭ ሀገር ያለ ዘመዱን ያስቸግራል፤ ዘመድን ለጌም ማስቸገር ደግሞ በዓመት ከአንዴ በላይ አያስኬድም።

ስለዚህ "ስንት በመቶ ቀነሰ?" ብሎ መጠየቅ ብዙ አይጠቅምም። ቁም ነገሩ አንድ ብቻ መግዛት ሲቻል የትኛው ይገዛ የሚለው ነው። መልሱን ከዋጋ ዝርዝሩ በፊት ታሪክ ውስጥ መፈለግ ያዋጣል። ኢትዮጵያ የራሷ የስትራቴጂ ጌም ነበራትና፤ አጥታዋለችም።

🔹 የጠፋው ጌም

ዛሬ "ሰንጠረዥ" ሲባል የብዙ ሰው ሐሳብ የሚሄደው ወደ ፕሪሚየር ሊግ የደረጃ ሰንጠረዥ ነው። ቃሉ ግን የጨዋታ ስም ነበር። ሰንጠረዥ የኢትዮጵያ ቼዝ ነው፤ ከፋርስና ከዐረብ ሀገር ከመጣው ከጥንቱ ሸጥረንጅ የተወለደ፣ ንጉሥ፣ ፈረስ፣ ፊል (ዝሆን ማለት ነው) እየተሰለፉ የሚዋጉበት። መጫወቻውም እንደ ዛሬው ቼዝ ጥቁርና ነጭ ሰሌዳ አልነበረም። ቀይ ጨርቅ ነበር፤ በጥቁር ወይም በሰማያዊ መስመር ስምንት በስምንት የተከፋፈለ።

በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ዐፄ ልብነ ድንግል ከቬኒስ ከመጣ ሠዓሊ ጋር ሰንጠረዥ ይጫወቱ እንደነበር በዘመኑ ተጽፏል። ከሦስት መቶ ዓመት ገደማ በኋላ ትግራይ የደረሰው እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት የራስ ወልደ ሥላሴን ግቢ ሲገልጽ ይህንኑ ጨዋታ ያነሳል። እቴጌ ጣይቱም ጎበዝ የሰንጠረዥ ተጫዋች እንደነበሩ ይነገርላቸዋል።

ሰንጠረዥን ከሌላው ዓለም ቼዝ የሚለየው አጀማመሩ ነው። አጀማመሩ "ወረራ" ይባላል። በወረራ ጊዜ ተራ መጠበቅ የለም። አንዱ የሌላውን ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም እኩል፣ በፈለጉት ፍጥነት፣ ጦራቸውን ያሰልፋሉ። አንዱ የሌላውን አሰላለፍ እያየ የራሱን ይለውጣል። የመጀመሪያው ጠጠር ከተበላ በኋላ ነው ተራ በተራ መጫወት የሚጀመረው። ተመልካቹም ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ይመክራል፣ ይጮኻል፣ ሲብስበትም እጁን ሰድዶ ጠጠር ያንቀሳቅሳል። ንጉሡን በምን መግደል እንደሚያኮራም ወግ ነበረው። በኃይለኛ ጠጠር መግደል ብዙም አያስመሰግንም፤ በደካማው መግደል ግን ያስከብራል።

የዛሬ ጌም ሠሪዎች የስትራቴጂ ጌምን በሁለት ይከፍሉታል። አንደኛው ሁሉም በአንድ ጊዜ የሚሯሯጥበት ነው፤ ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ የዚህ ዓይነት ነው። ሁለተኛው ተራ በተራ የሚጫወቱት ነው፤ ሲቪላይዜሽን እዚህ ይመደባል። ሰንጠረዥ ሁለቱንም በአንድ ቀይ ጨርቅ ላይ ይዞ ነበር።

ታዲያ የት ሄደ? የታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ስለ ሰንጠረዥ ታሪክና ደንብ ባሳተሙት ጥናት እንደሚያስረዱት፣ ጨዋታው ከጣሊያን ወረራ በኋላ ባለው ጊዜ ጠፍቷል። ሰንጠረዥ በመኳንንት ግቢ የሚዘወተር ጨዋታ ነበር። ግቢው ሲፈርስና ተጫዋቾቹ ሲያልፉ ተተኪ አላገኘም። ገበጣ ግን አልሞተም። ለገበጣ ግቢም ሆነ ጨርቅ አያስፈልግም። መሬት ላይ ጉድጓድ ይማሳል፣ ጠጠር ይለቀማል፣ በቃ። እረኛው ያውቀዋል፣ ልጅ ከታላቁ ያየዋል። የትም ይጀመራል፣ ማንንም አያስፈቅድም።

ሰንጠረዥ መጥፎ ጨዋታ ስለነበር አልሞተም። እንዲያውም ከገበጣ የሚያንስበት ነገር የለም። የሞተው የሚከፍተውና የሚያስተምረው ሰው ስላጣ ነው። በቅናሽ ጌም የሚገዛ ሰውም መጀመሪያ ሊያስብበት የሚገባው ይኸው ነው፦ ሻጩ ሲሄድ፣ ኔትወርክ ሲጠፋ፣ ኮምፒውተሩ ሲያረጅ ይህ ጌም ይከፈታል ወይ? ከጎን ለተቀመጠ ሰውስ ይተርፋል ወይ?

ነገሩ የኢትዮጵያ ብቻ ችግር አይደለም። የቪዲዮ ጌም ታሪክ ፋውንዴሽን እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ጥናት መሠረት፣ በአሜሪካ ከ2010 በፊት ከወጡት ክላሲክ ጌሞች 87 በመቶው ዛሬ በገበያ ላይ አይገኙም። ሀብታሙ ሀገርም የራሱን ሰንጠረዥ እያጣ ነው።

🔹 በፍላሽ የመጣ ትውልድ

ልደታ ከውጭ የሚመጣ ነገር ሲገባ ያየ ሰፈር ነው። ቦሌ ከመሠራቱ በፊት የአዲስ አበባ አውሮፕላን ማረፊያ እዚያ ነበር። የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የመጀመሪያ በረራውን ወደ ካይሮ ያደረገውም ከዚያው ተነሥቶ ነው። "አሮጌው ኤርፖርት" የሚለው የሰፈር ስም የቀረው በዚህ ምክንያት ነው።

የስትራቴጂ ጌም ግን በሌላ መንገድ ገባ። መጀመሪያ በተቀዳ ሲዲ፣ ቀጥሎ በፍላሽ፣ ከዚያ በሃርድ ዲስክ። ሬድ አለርት፣ ጀነራልስ፣ ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ ከኮምፒውተር ቤት ወደ ኮምፒውተር ቤት፣ ከተማሪ ወደ ተማሪ እየተገለበጡ ተዳረሱ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሥራ ላይ ቢሆንም፣ ዋናውን ጌም በብር የሚሸጥ ሱቅ በሌለበት ከተማ "ግዛ" ማለት ቀላል አልነበረም።

ግልበጣው አንድ ደግ ነገር ነበረው። ጌሙ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፣ ከእጅ ወደ እጅ ያልፋል። እንደ ገበጣ ማለት ነው። ጉዳቱም የዚያኑ ያህል ነበር። ከጌሙ ጋር ቫይረስ ይመጣል። ግማሹ ተቆርጦ ይመጣል፤ ድምፁ የለም፣ ዘመቻው የለም። ማስተካከያ ቢወጣ አይደርስም። ከሁሉ በላይ ግን መራጩ ተጫዋቹ አልነበረም። ገልባጩ ያገኘውን ነው ሁሉም የተጫወተው።

አሁን ካርድ ያለው ሰው ራሱ መምረጥ ይችላል። ግን ምርጫው አዲስ ወጥመድ አለው። ስቲም ላይ የሚገዛው ጌም ከአካውንት ጋር የታሰረ ፈቃድ ነው። መሸጫው ራሱ ከጥቅምት 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ክፍያ ሲፈጸም የሚሸጠው ፈቃድ መሆኑን በግልጽ ይጽፋል። ያለ ኢንተርኔት መጫወቻ አማራጭ ቢኖርም፣ አንዳንዱ ጌም በየጊዜው መገናኘት ይፈልጋል። ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ኢንተርኔት በመላ ሀገሪቱ ሲቋረጥ ከሁለት ሳምንት በላይ ቆይቷል። እንዲህ ባለ ጊዜ ቤት ውስጥ የሚቀመጥ ወጣት የከፈለበት ጌም አይከፈትለትም ቢባል፣ ገዝቷል ማለት ይቻላል?

🔹 ጌሞቹ ውስጥ ያለችው ኢትዮጵያ

ብዙ ኢትዮጵያዊ ገዢ ቅናሽ ሲያይ መጀመሪያ የሚፈልገው "ኢትዮጵያ አለችበት?" የሚለውን ነው። ተገቢ ጥያቄ ነው። መልሱ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል።

ሲድ ሜየርና ጓደኞቹ የመጀመሪያውን ሲቪላይዜሽን ያወጡት እ.ኤ.አ. በ1991 ነው። ኢትዮጵያ አልነበረችበትም። የገባችው ከ16 ዓመት በኋላ ነው፤ በ2007 በወጣው በአራተኛው ሲቪላይዜሽን ተጨማሪ ክፍል፣ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ መሪነት። ልዩ ሕንፃዋ የአክሱም ሐውልት ነው፣ ልዩ ጦሯ የኦሮሞ ተዋጊ። ታሪክ የሚያውቅ ሰው ፈገግ ይላል። ሐውልቱ ከዘርዐ ያዕቆብ በሺህ ዓመት ይቀድማል። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተካሄደው የኦሮሞ መስፋፋት ደግሞ ዘርዐ ያዕቆብ እ.ኤ.አ. በ1468 ካረፉ በኋላ የሆነ ነው። ሦስት ዘመን በአንድ ድስት ተቀቅሏል።

በአምስተኛው ሲቪላይዜሽን፣ እ.ኤ.አ. በ2012 በወጣው ተጨማሪ፣ መሪው ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ሆኑ። በአማርኛ ይናገራሉ። ልዩ ችሎታቸው "የዓድዋ መንፈስ" ይባላል፤ ከራሷ የበዙ ከተሞች ካሉት ጠላት ጋር ስትዋጋ የኢትዮጵያ ጦር ይበረታል። ዓድዋ ግን የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ሲሆን ልጅ ተፈሪ ገና አራት ዓመት አልሞላቸውም ነበር። ስድስተኛው ሲቪላይዜሽን በ2020 ይህን ያስተካከለ ይመስላል፤ ዐፄ ምኒልክን አመጣ፣ ሠራዊታቸው ኮረብታ ላይ ሲዋጋ እንዲበረታ አደረገ። በአጠገባቸው ግን የላሊበላን ዓይነት ውቅር አብያተ ክርስቲያናት አቆመ።

ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ ሁለት ኢትዮጵያን ያስገባው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። ጦሩ ሾተል ይይዛል፣ በአማርኛ ይመልሳል። ዘመቻው ደግሞ የዮዲት ነው። በሀገር ቤት ትውፊት ዮዲት አክሱምን ያጠፋች፣ አብያተ ክርስቲያናትን ያቃጠለች ናት። እዚህ ግን ተጫዋቹ የሚዋጋው ለእሷ ነው፤ ከአክሱም ተባርራ የምትመለስ ልዕልት ሆና ትቀርባለች። አንዳንዱን ሊያስቆጣ ይችላል። ነገር ግን ሲነገር የኖረን ታሪክ ከወዲያኛው ወገን ቆሞ ማየት ከዚህ የረከሰ አጋጣሚ የለውም።

የስዊድኑ ፓራዶክስ ድርጅት ጌሞች ለዘመን ቅደም ተከተል የበለጠ ይጠነቀቃሉ። ዩሮፓ ዩኒቨርሳሊስ አራት ኅዳር 1444 እ.ኤ.አ. ይጀምራል። ዙፋኑ ላይ ዘርዐ ያዕቆብ ናቸው፣ ጎረቤት አዳል ነው። በእውነተኛው ታሪክ ከአንድ ዓመት በኋላ፣ በ1445 መጨረሻ፣ ንጉሡ የአዳሉን ሱልጣን በድላይን ጦርነት ላይ ገድለዋል። ኸርትስ ኦፍ አይረን አራት ደግሞ ጥር 1 ቀን 1936 እ.ኤ.አ. ይጀምራል። ጣሊያን ገብታለች፣ ማይጨው ሦስት ወር ቀርቶታል፤ መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። ተጫዋቹ ያንን ሦስት ወር በእጁ ይይዛል።

🔹 የመቀሌ ፈተና

የኢትዮጵያ ስም መኖሩ ብቻውን ጌሙን ጥሩ አያደርገውም። ጌሙ "ስትራቴጂ" የሚለው ምኑን ነው? ይህን ለመመዘን ልደታ ውስጥ ያለ ሰው ሩቅ መሄድ አይጠበቅበትም። በየቀኑ የሚያልፍበት የባልቻ ሆስፒታል የተሰየመው በዓድዋ መድፈኛነታቸው በሚታወቁት፣ በኋላም በጣሊያን ወረራ ዘመን ሲዋጉ ሕይወታቸውን በሰጡት በደጃዝማች ባልቻ ሳፎ ነው።

ከዓድዋ በፊት መቀሌ ነበረች። በጥር 1888 ዓ.ም. ጣሊያኖች እንዳ ኢየሱስ ላይ ምሽጋቸውን አጠንክረው ሲቀመጡ፣ ምሽጉን በጦር መስበር ብዙ ሰው አስጨረሰ። መፍትሔው የመጣው ከእቴጌ ጣይቱ ነው፦ የውሃውን ምንጭ መያዝ። ምንጩ ተያዘ፣ ምሽጉ ተጠማ፣ ጣሊያን ለቅቃ ወጣች። ዓድዋም ላይ ሁለቱም ወገን ስንቅ እያለቀበት ነበር። ጀኔራል ባራቲዬሪን ወደዚያ ሌሊት ጉዞ ከገፋፉት ነገሮች አንዱ የስንቅ እጥረት ነው።

እንግዲህ ጌሞቹ በዚህ ይመዘኑ። ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ ውስጥ ወታደር ሲሠለጥን ምግብ ይከፈልበታል፤ ከዚያ በኋላ ግን አይርበውም፣ አይጠማውም። መቀሌ በዚያ ጌም ውስጥ ልትደገም አትችልም። ፍጥነትንና ኢኮኖሚን ያስተምራል፣ ከበባን ግን በግንብ ማፍረሻ መሣሪያ ብቻ ነው የሚያውቀው። ሲቪላይዜሽን የረዥም ዘመን ዕቅድን ያስተምራል፤ ዛሬ የተተከለ ከተማ ከሁለት ሺህ ዓመት በኋላ የሚያመጣውን። ዩሮፓ ዩኒቨርሳሊስ ውስጥ ከምድሩ አቅም በላይ የተከማቸ ጦር ሳይዋጋ ያልቃል። ኸርትስ ኦፍ አይረን ውስጥ ስንቅና ባቡር ካልደረሰ ክፍለ ጦር ቆሞ ይቀራል። የጣይቱን ሐሳብ የሚያውቁት የኋለኞቹ ሁለቱ ናቸው።

🔹 እንግዲህ ምን ይገዛ?

የስንቅ ነገር ዩሮፓን ወይም ኸርትስን ግዙ የሚያሰኝ ይመስላል። አንዴ ብቻ ለሚገዛ ሰው ግን አያዋጡም። የፓራዶክስ ጌሞች ዋናው ክፍል በርካሽ ይሸጥና ተጨማሪው ለዓመታት ይከተላል። የኸርትስ የኢትዮጵያ ክፍል እ.ኤ.አ. በ2022 ሲወጣ ለብቻው የሚገዛ ተጨማሪ ነበር። በአምስተኛውና በስድስተኛው ሲቪላይዜሽንም ኢትዮጵያ ያለችው በተጨማሪው ውስጥ ነው። በ75 በመቶ ቅናሽ ዋናውን ብቻ ገዝቶ ምኒልክን መፈለግ ትርፉ ብስጭት ነው። ከመክፈል በፊት "ሙሉው እትም ነው?" ብሎ ማየት ግድ ነው። ስቲም ላይ በ14 ቀን ውስጥ፣ ከሁለት ሰዓት በታች የተጫወቱትን ጌም መመለስ እንደሚቻልም ማወቅ ይጠቅማል።

አዲስ እትም ሁልጊዜ ከአሮጌው አይሻልም። ሂሮስ ኦፍ ማይት ኤንድ ማጂክ ሦስት እ.ኤ.አ. የ1999 ጌም ነው። በ2015 ምስሉ ጠርቶ እንደገና ሲወጣ ተጨማሪ ክፍሎቹ ሳይካተቱ ቀሩ። አሮጌው ሙሉ እትም ግን ጂኦጂ በተባለው፣ እ.ኤ.አ. በ2008 በፖላንድ በተጀመረው መሸጫ ይገኛል። ጂኦጂ የሚሸጠው ጌም መቆለፊያ የለውም። አንዴ ይወርዳል፣ ሃርድ ዲስክ ላይ ይቀመጣል፣ ኢንተርኔት ኖረም አልኖረም ይከፈታል።

ካርዱን አንዴ ብቻ ለሚያገኝ የልደታ ልጅ እንግዲህ የመጀመሪያው ምርጫ የአራተኛው ሲቪላይዜሽን ሙሉ እትም ነው፤ ከጂኦጂ። ዘርዐ ያዕቆብ ውስጡ ናቸው። አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ይሠራል። መቆለፊያ የለውም። አንድ ኮምፒውተር ላይ ሁለት ሦስት ሰው ተራ በተራ እየተቀመጠ ይጫወተዋል። ሂሮስ ሦስትም እንዲሁ ነው፣ ኢትዮጵያ ባትኖርበትም። ጠንከር ያለ ኮምፒውተርና ትልቅ ፋይል ለማውረድ የሚበቃ ዳታ ላለው የኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ ሁለት የ2019 እትም ጥሩ ነው፤ ኢትዮጵያ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ውስጡ አለች። ካርድ ለሌለው ደግሞ ፍሪሲቭና ባትል ፎር ዌስኖዝ በነፃ፣ በሕጋዊ መንገድ ይገኛሉ። ፍሪሲቭን የጀመሩት የዴንማርክ ተማሪዎች ናቸው፤ ሲቪላይዜሽንን ወደው የራሳቸውን ሠሩ። የሰንጠረዥን ወረራ ወደ ኮምፒውተር ማምጣት የሚፈልግ የአዲስ አበባ ተማሪ ካለ መንገዱ ተጠርጎለታል።

ገዝቶ መተውም እንዳለመግዛት ነው። የብዙ ሰው አካውንት በቅናሽ ተገዝተው አንድ ቀን እንኳ ባልተከፈቱ ጌሞች የተሞላ ነው። በአንድ ጌም አንድ ክረምት ሙሉ መቆየት፣ መሸነፍ፣ እንደገና መጀመር፣ ከዚያ ታናሽን ወይም ጎረቤትን አጠገብ አስቀምጦ ማሳየት ይሻላል። ቢጮኽ ይጩኽ፣ ማውሱን ቢቀማም ይቀማ። ሰንጠረዥም ሲኖር እንዲያ ነበር የሚጫወቱት።